ዝሆንን መቁጠር፤ የፃቮ ታሪክ

ዝሆንን የሚያህል ፍጡር ለመቁጠር ያስቸግራል ቢባል በቀላሉ የሚያምን ሰው አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከማያምኑት ወገን ነበር። በኬንያ፣ በምሥራቅ ፃቮ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከቮይ ከተማ ብዙም በማይርቅ የውኃ ኩሬ አጠገብ መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ ከጥም ብዛት እየተጋፋ የሚወርደውን መንጋ ሦስት ጊዜ ቢቆጥረው መጀመሪያ 41፣ ቀጥሎ 38፣ በመጨረሻም 44 ሆነበት። ግልገሎቹ በእናቶቻቸው ሆድ ሥር ይሰወራሉ፤ ከኋላ ያለው ከፊት ባለው ይጋረዳል፤ ጠጥቶ የሚመለሰው ገና ከሚመጣው ጋር ይደባለቃል። ከዚህም በላይ የፃቮ ዝሆን እንደ ሌላው አገር ዝሆን ግራጫ አይደለም። የምድሩን ቀይ አቧራ በኩምቢው እየዘገነ በጀርባው ላይ ስለሚነሰንስና በጭቃውም ስለሚንከባለል፣ ከቆመበት አፈር ጋር አንድ መልክ ይይዛል። በጥቂት አሥር ሜትር ርቀት ላይ፣ ዓይን እያየ፣ ሦስት ቆጠራ ሦስት ልዩ ልዩ ውጤት ከሰጠ፣ ከ20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ በረሃ ላይ በአውሮፕላን የሚደረገው ቆጠራ ምን ያህል ይታመናል?

የመጽሔቱ አዘጋጆች በሳፋሪ ጉዞ ስለሚታዩት የአፍሪካ ዝሆኖች ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንዲቀርብላቸው በጠየቁ ጊዜ፣ አቅራቢው ከዚያ ኩሬ ዳር ለመነሣት የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ቁጥር የሙያችን እንጀራ ነው። ጭነቱን ሳንለካ ምሰሶ አናቆምም፤ ጎርፉን ሳንገምት ድልድይ አንዘረጋም። በፃቮ ግን አንድ ጊዜ፣ በቁጥር ላይ ብቻ ተመሥርቶ፣ ሦስት ሺህ የሚያህል ሕይወት ይጥፋ አይጥፋ የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ክርክሩ እንዴት እንደ ተጀመረና ምን ላይ እንደ ደረሰ መተረክ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተሰጡት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሳፋሪ በስዋሂሊ ቋንቋ ጉዞ ማለት ሲሆን ቃሉ ከዐረብኛ የተወረሰ ነው። በ19ኛው ምእተ ዓመት ከሞምባሳና ከሌሎች የጠረፍ ከተሞች ወደ መሀል አገር ይዘልቅ የነበረው ጉዞ አንዱ ዋነኛ ዓላማ የዝሆን ጥርስ ነበር። ጥርሱ በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ወደ ባሕር ይወርዳል። መንገደኞቹ አብልጠው ይፈሩት የነበረውም ዛሬ የፃቮ ፓርክ አጎራባች የሆነውን፣ ታሩ እየተባለ የሚጠራውን ውኃ አልባ ምድር ነው። እንግሊዞች በ1896 ከሞምባሳ የጀመሩት የባቡር ሐዲድ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲደርስ የሸክሙ ዘመን አበቃ። የፃቮ ወንዝ ድልድይ በሚሠራበት በ1898 ሁለት ሰው በላ አንበሶች በሠራተኞቹ ላይ ያደረሱት እልቂት በብዙ መጽሐፍ ስለ ተነገረ እዚህ መድገም አያስፈልግም። ሆኖም የድልድዩ መሐንዲስ ጆን ሄንሪ ፓተርሰን የተበሉትን ሰዎች ቁጥር በኋላ 135 ሲሉት፣ በ2009 የአንበሶቹን አጥንትና ጠጕር የመረመሩት ተመራማሪዎች ግን ወደ 35 ዝቅ እንዳደረጉት መጥቀስ ተገቢ ነው። በፃቮ ቁጥር ማከራከር የጀመረው ገና ያን ጊዜ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በዚሁ ሐዲድ ላይ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በሚያዝያ 1909፣ በሎኮሞቲቩ አፍንጫ ላይ በተሠራላቸው ወንበር ተቀምጠው፣ ግራና ቀኙን እያዩ ፃቮን አቋርጠዋል። እሳቸውና ልጃቸው በዚያ ጉዞ የገደሉት እንስሳ 512 ሲሆን ከእነዚህ ውስጥ 11ዱ ዝሆኖች ነበሩ። ቁጥሩ እንዲህ በትክክል ሊታወቅ የቻለው ራሳቸው በመጽሐፋቸው ዝርዝሩን በሠንጠረዥ ስላወጡት ነው። የዚያ ዘመን ሳፋሪ የሚቆጥረው የሞተውን ነበር። ይህን ስንል በሌላው ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ በእኛም አገር ዝሆን የገደለ ሰው ይፎከርለት፣ ይዘፈንለት እንደ ነበር አባቶቻችን ሲያወሩ ሰምተናል።

የፃቮ ብሔራዊ ፓርክ በ1948 ሲቋቋም መሬቱ የተመረጠው ስለ ውበቱ አልነበረም። ለእርሻ እጅግ ደረቅ፣ ለከብት ደግሞ የቆላ ዝንብ የበዛበት በመሆኑ ሌላ ፈላጊ ያልነበረው ምድር ነው። የባቡር ሐዲዱና የሞምባሳ ናይሮቢ አውራ ጎዳና ለሁለት ይከፍሉታል። የምሥራቁ ክፍል አስተዳዳሪ ሆነው የተሾሙት ዴቪድ ሼልድሪክ እስከ 1976 በዚያው ቆይተዋል። መንገድ ጠርገዋል፤ አሩባ እየተባለ የሚጠራው ግድብ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲሠራም፣ የጉድጓድ ውኃ ሲወጣም፣ የአስተዳዳሪነቱ ኃላፊነት የእሳቸው ነበር። አውሮፕላንም ራሳቸው ያበርሩ ነበር።

ሼልድሪክ መጀመሪያ የተጋፈጡት ከዋታ ሕዝብ አዳኞች ጋር ነው። እዚህ ላይ ለእኛ አንባቢዎች የሚቀርብ ነገር አለ። ዋታዎች የሚናገሩት ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ የኦሮምኛ ተናጋሪዎች ደቡባዊ ጫፍ ከሚባሉትም አንዱ ናቸው። ዝሆን የሚያድኑት በቀስት ሲሆን፣ ቀስቱን ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል ከ45 ኪሎግራም ይበልጣል። የፍላጻው ጫፍ የሚቀባውም በአገራችን ምረንዝ እየተባለ ከሚጠራው የዛፍ ወገን ተቀቅሎ በሚወጣ መርዝ ነው። መርዙ ልብን የሚያቆም ነው። በ1956ና በ1957 በተደረገው ዘመቻ የዋታ አዳኞች በብዛት ተይዘው ታሠሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1960፣ ከፓርኩ በስተ ምሥራቅ በጋላና ወንዝ አካባቢ፣ ዋታዎች በሕግ ተፈቅዶላቸው በልክ እንዲያድኑ የሚያስችል ዕቅድ ተጀምሮ ነበር፤ እንደ ታሰበው ግን አልሠመረም። የዝሆንን ጠባይ ከማንም አብልጦ የሚያውቀው ሕዝብ ከዝሆን አጠገብ የተወገደው እንዲህ ነው። ይህን ሕዝብ ምን ያህል ዝሆን አለ ብሎ የጠየቀው መኖሩ አይነገርም።

አዳኙ ተወገደ፤ ውኃውም በዛ፤ ከፓርኩ ውጭ ያለው ምድርም በሰፋሪ እየተያዘ ሄደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም የውኃ መሐንዲስ ሊገምተው ይችላል። አንድ ትልቅ ዝሆን በቀን እስከ 150 ኪሎግራም ቅጠል፣ ሣርና ልጣጭ ይበላል፤ ከ100 ሊትር በላይም ውኃ ይጠጣል። ቀድሞ ዝናብን ተከትሎ ሩቅ ይሄድ የነበረው መንጋ ክረምት ከበጋ በማይደርቅ ውኃ ዙሪያ ሲከማች፣ በውኃው ዙሪያ ያለው ደን ይራቆታል። በፃቮ የሆነውም ይኸው ነው። የከርቤ ዘመድ የሆኑት ቁጥቋጦዎች ተገነደሱ፤ ግራሩ ተሰባበረ፤ ከአንድ መንደር ቤት የሚወፍረው ባኦባብ ሳይቀር ግንዱ እየተቦረቦረ ወደቀ። ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ የነበረው አገር ሜዳ እየሆነ ሄደ። ሰውን ያስደነገጠው ይህ ነው፤ ጥያቄውም ያን ጊዜ ተነሣ፤ ዝሆኖቹ በዝተዋልን? ከበዙስ ስንት ናቸው?

ለመቁጠር የነበረው መሣሪያ አነስተኛ አውሮፕላን ነው። አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አካባቢውን በሙሉ በብሎክ ከፋፍሎ እየተመላለሱ የታየውን ሁሉ መቁጠር ሲሆን፣ ሁለተኛው በተወሰነ ርቀት ትይዩ መሥመሮችን እየበረሩ፣ በክንፉ ደጋፊ ብረት ላይ በተደረጉ ምልክቶች መካከል የገባውን ብቻ ቆጥሮ የቀረውን በሒሳብ ማግኘት ነው። ለሁለተኛው ዘዴ የስሕተት ወሰኑን ለማስላት የሚያገለግለውን ቀመር ጂ. ኤም. ጆሊ በ1969 አቅርበዋል፤ ዛሬም ይሠራበታል። ነገር ግን ቀመር የማያስተካክለው ስሕተት አለ። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በአንድ ሴኮንድ ከ40 ሜትር በላይ ያልፋል፤ ስለዚህ ቆጣሪው አንድን መንጋ የሚያየው ለጥቂት ሴኮንድ ነው። በቀትር በዛፍ ጥላ ሥር የቆመ ዝሆን አይታይም። ቀይ ዝሆን በቀይ አፈር ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እነዚህ ስሕተቶች ሁሉ ወደ አንድ ወገን፣ ማለትም ወደ ማሳነስ የሚያዘነብሉ በመሆናቸው፣ ደጋግሞ በመቁጠር አይጣፉም። በ1960ዎቹ የተከታተሉት ቆጠራዎች ያሳዩት ጭማሪ እናቶች ወልደው ሊያስገኙት ከሚችሉት እጅግ የበለጠ ነበር። ዝሆን ለ22 ወር አርግዛ፣ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ካልሆነ ዳግመኛ የማትወልድ እንስሳ ናት፤ መንጋው ቢፋጠን ቢፋጠን በዓመት ከ7 በመቶ አይጨምርም። ታዲያ ትርፉ ከየት መጣ? ከፊሉ ከውጭ ተሰድዶ የገባ፣ ከፊሉም ቀድሞ የነበረና ያልታየ መሆን አለበት። የትኛው ምን ያህል እንደሆነ መለየት ግን የሚቻል አልነበረም።

ዶክተር ሪቻርድ ሎውስ በ1967 የፃቮ ምርምር ኃላፊ ሆነው የመጡት በዚህ መካከል ነው። አስቀድመው በአንታርክቲክ ባሕር ዓሣ ነባሪዎችንና የባሕር እንስሳትን ያጠኑ፣ ቀጥሎም በኡጋንዳ መርቺሰን ፏፏቴ ፓርክ ወደ 2,000 የሚጠጉ ዝሆኖች እንዲቀነሱ በተደረገው ሥራ የተካፈሉ፣ ዘዴያቸው የጠራ ሊቅ ነበሩ። ዝሆን በዕድሜው በእያንዳንዱ የመንጋጋ ወገን ስድስት ጥርስ በተራ ስለሚያበቅል፣ የታችኛውን መንጋጋ አይቶ ዕድሜውን መናገር ይቻላል፤ ይህን መለኪያ በሥርዓት ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። ችግሩ መንጋጋውን ለማየት እንስሳው መሞት ያለበት መሆኑ ነው። በ1966 በፃቮ 300 ዝሆኖች ለዚሁ ጥናት ተገድለው ነበር። ሎውስ የፃቮ ዝሆኖች አንድ ሕዝብ ሳይሆኑ በየአካባቢው የተለያዩ ማኅበሮች ናቸው ብለው ስላመኑ፣ ከቀሩትም ማኅበሮች ናሙና እንዲወሰድ፣ በጠቅላላው ወደ 3,000 የሚጠጉ ዝሆኖች እንዲገደሉ ሐሳብ አቀረቡ።

ሼልድሪክ አልተቀበሉም። ደኑና ዝሆኑ በረጅም ዘመን እየተፈራረቁ የሚሄዱ ናቸው፤ ዛሬ ዝሆን ደኑን ሜዳ ቢያደርገው ነገ ዝሆኑ ሲያንስ ደኑ ይመለሳል፤ ሰው እጁን አያግባ የሚል እምነት ነበራቸው። ክርክሩ መረረ፤ ሎውስም በ1968 ሥራቸውን ለቀቁ። አቅራቢው የሁለቱን ሐሳብ ሲያመዛዝን፣ በሙያው ምክንያት መጀመሪያ ያዘነበለው ወደ ሎውስ እንደ ነበር አይደብቅም። የሚለካ ነገር ባለበት ሳይለኩ ተፈጥሮ ትወቅበት ማለት ለመሐንዲስ ጆሮ አይጥምም።

ድርቁ የመጣው በ1970ና በ1971 ነው። በምሥራቅ ፃቮ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝሆኖች አለቁ። የሞቱት በጥም አልነበረም፤ ወንዙ ውኃ ነበረው። የሞቱት በረኃብ ነው። ከውኃው በአንድ ቀን ደርሶ መልስ በሚያስኬደው ርቀት ውስጥ የሚበላ ነገር አለቀ። ግልገል የያዘች እናት ከዚያ ርቃ መሄድ አትችልም፤ ኮርማው ግን ብቻውን ስለሆነ ሩቅ ሄዶ በልቶ ይመለሳል። በመሆኑም የሬሳው መንጋጋ እየተሰበሰበ ሲመረመር፣ ከሟቾቹ አብዛኞቹ እናቶችና ልጆቻቸው ሆነው ተገኙ።

ታዲያ እውነት የማን ነበር? ሎውስ ተሰምተው ቢሆን ኖሮ የሞቱት ያንሱ ነበር የሚሉ አሉ። ሼልድሪክ የተናገሩት ደረሰ፤ ተፈጥሮ ራሷ ቀነሰች የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገን የሚፈልገው ፈተና በሥርዓት ሳይፈጸም ቀረ። የዝሆን ጥርስ ዋጋ በ1970ዎቹ እየናረ ስለሄደ ሕገ ወጥ አዳኞች መጀመሪያ በመርዝ ፍላጻ፣ ኋላም በአውቶማቲክ ጠመንጃ ፃቮን ወረሩት። ኬንያ በ1977 ማንኛውንም የስፖርት አደን ብትከለክልም ግድያው አልቆመም። በ1960ዎቹ ማብቂያ ለፃቮና ለአካባቢው ይሰጥ የነበረው ግምት እስከ 35,000 ይደርስ ነበር፤ በ1988 ሲቆጠር የተገኘው 6,000 ገደማ ሆነ። ሎውስ እንዲገደል የጠየቁት በዚህ አንጻር ሲታይ ጥቂት ነበር። ቁጥቋጦው ግን፣ ሼልድሪክ እንዳሉት፣ ተመልሶ በቀለ።

እዚህ ላይ የቆጠራን ውለታ መካድ አይገባም። ኢያን ዳግላስ ሃሚልተን የአፍሪካን ዝሆኖች በመላው አህጉር ገምተው በ1979 ወደ 1.3 ሚሊዮን ናቸው አሉ። ከ10 ዓመት በኋላ ግምቱ ወደ 600,000 ወረደ። በኬንያም በ1973 ወደ 167,000 ይገመት የነበረው በ1989 ከ20,000 አልበለጠም። ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ በሐምሌ 1989 ናይሮቢ ላይ 12 ቶን የዝሆን ጥርስ በእሳት አቃጠሉ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ሎዛን ላይ የተሰበሰቡት መንግሥታትም የዝሆን ጥርስ ንግድን በዓለም አቀፍ ውል ከለከሉ። ቁጥሮቹ ባይኖሩ ኖሮ ማንንም ማሳመን ባልተቻለም ነበር።

ነገር ግን ሌላ ዓይነት ጥናት ጎን ለጎን ተጀምሮ ነበር። ዳግላስ ሃሚልተን ራሳቸው በ1960ዎቹ አጋማሽ በታንዛንያ ማንያራ ሐይቅ ዳር ዝሆኖችን በጆሮአቸው ቅድና በጥርሳቸው ቅርጽ አንድ በአንድ መለየት ጀመሩ። ከፃቮ በስተ ምዕራብ፣ በኪሊማንጃሮ ተራራ ሥር ባለው አምቦሴሊ ደግሞ ሲንቲያ ሞስ ከ1972 ጀምረው መዝገብ ከፈቱ፤ ማን ከማን እንደ ተወለደ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚውል እየተጻፈ ከሃምሳ ዓመት በላይ ዘልቋል። በዚህ ሥራ የታወቀው ነገር የዝሆን መንጋ የአንዲት አሮጊት እናት ቤተ ሰብ መሆኑ ነው። ጆይስ ፑልና ሞስ በ1981 የአፍሪካ ኮርማ ዝሆን በየጊዜው የሚያድርበትን የመጎምጀት ወራት ገለጹ፤ ኬቲ ፔን ደግሞ በ1984 በአንድ የአሜሪካ የእንስሳት ማቆያ ቆመው ጆሮ የማይሰማው ንዝረት በሰውነታቸው ተሰማቸውና በመሣሪያ ሲቀዱት፣ ዝሆኖች ከ20 ሄርዝ በታች በሆነ ድምፅ እንደሚነጋገሩ ተገለጠ። ይህን የመሰለ ድምፅ በቁጥቋጦ መካከል ብዙ ሳይዳከም ኪሎ ሜትሮች ይጓዛል። ከአውሮፕላን ላይ ለየብቻቸው የቆሙ የሚመስሉ መንጋዎች ሲነጋገሩ ይውላሉ ማለት ነው።

የፃቮን ክርክር እንደገና ለማየት የሚያስገድደው ግን በታንዛንያ ታራንጊሬ ፓርክ በ1993 የሆነው ነው። ከባድ ድርቅ ደረሰ፤ ይከታተሏቸው ከነበሩት 81 ግልገሎች 16ቱ በዘጠኝ ወር ውስጥ ሞቱ። ቻርልስ ፎሌና ባልደረቦቻቸው በ2008 እንዳወጡት፣ ፓርኩን ትተው የወጡት ቤተ ሰቦች ልጆቻቸውን አብልጠው አድነዋል። ከወጡት መካከል ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች ነበሩ። በዚያው ከቀሩት ውስጥ ግን ትልልቆቹን እናቶች በአዳኞች ያጣ ወገን ይገኝበታል። ተመራማሪዎቹ አሮጊቶቹ ከ1958 እስከ 1961 የነበረውን ድርቅ በግልገልነታቸው ስላዩ የት እንደሚኬድ ያስታውሱ ይሆናል ብለው ገምተዋል። ግምት ነው፤ ግን የማይናቅ ግምት ነው።

በዚህ ዓይን ሲታይ የ1967ቱ ክርክር ሁለቱም ወገኖች በማያውቁት ነገር ላይ የተካሄደ ነበር። ሎውስ ከየማኅበሩ 300 ይገደል ሲሉ ቤተ ሰቡ ሳይነጣጠል በሙሉ እንዲወሰድ ያስቡ ነበር፤ ይህ ለናሙናው ትክክለኛነት ጠቃሚ ነው። ከቤተ ሰቡ ጋር ግን ወደ ሩቁ ውኃ የሚወስደው የመንገዱ ዕውቀትም ይጠፋል፤ ለዚህ በሠንጠረዡ ውስጥ ዓምድ አልነበረም። ሼልድሪክም በድርቁ እናቶች ሲያልቁ ተፈጥሮ ልኩን አገኘች ብለው ሲጽናኑ፣ የቀረው መንጋ በቁጥር እንጂ በዕውቀት ምን ያህል እንደ ደኸየ የሚያሳይ መለኪያ አልነበራቸውም። ከዚያ የመጣው አዳኝ ደግሞ ትልቁን ጥርስ ፈልጎ አሮጌዎቹን አስቀድሞ ገደለ። በዚህ ምክንያት አቅራቢው አሁን ለሎውስ የነበረውን ድጋፍ ቀንሷል፤ ለሼልድሪክ ግን ያን ያህል አልጨመረላቸውም። ግድቡን አሠርቶ፣ ጉድጓዱን አስቆፍሮ፣ አዳኙን አሳስሮ፣ ከዚያ በኋላ ሰው እጁን አያግባ ማለት ለአቅራቢው አሁንም አልተዋጠለትም።

ኬንያ በ2021 ባደረገችው ብሔራዊ ቆጠራ በመላው አገሪቱ 36,280 ዝሆኖች ሲገኙ፣ ከእነዚህ 14,964ቱ የፃቮ አካባቢ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ድርቅ ተመልሶ መጣ፤ ከየካቲት እስከ ጥቅምት 2022 ብቻ በኬንያ 205 ዝሆኖች መሞታቸው በመንግሥት ተገልጿል። በመካከሉ ሌላ ነገር ተጨምሯል። በ2017 የተከፈተው አዲሱ የሞምባሳ ናይሮቢ ባቡር ፃቮን የሚያቋርጠው በከፍተኛ የአፈር ድልድል ላይ ነው፤ ለእንስሳት መተላለፊያ ተብለው የተሠሩ ሰፋፊ ክፍተቶችም አሉት። በአንገታቸው ላይ የሳተላይት መከታተያ የታሰረላቸው ዝሆኖች በእነዚህ ክፍተቶች ሲያልፉ ተመዝግበዋል፤ ሌሎቹ ግን ድልድሉን ተከትለው ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ ቆይተዋል። የመተላለፊያው ስፋትና ቁመት በንድፍ ሊወሰን ይችላል። መጀመሪያ የምታልፈዋ ማን እንደሆነች ግን ንድፍ አይወስነውም።

በኩሬው ዳር አቅራቢው ሦስቱን ቁጥሮች በማስታወሻው ጽፎ አማካያቸውን ሲያወጣ፣ አብሮት የነበረው የአገሩ መሪ መጀመሪያ የወረደችውን አሮጊት አየሃትን ብሎ ጠየቀው። አላየሁም አለው። መሪው ወደ ቁጥቋጦው ጠቆመ፤ መንጋው ተራ በተራ እየወጣ ነበር፤ እሷ ግን ውኃውን ጠጥታ ከሄደች ቆይታለች።